የጌም ቤቶች ታሪክ በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች (ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም.)

ይህን ርእስ ለጥናት በመረጥሁ ጊዜ ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ሣቁብኝ። «ስለ ጅማ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ትቶ ስለ ፕሌይስቴሽን ይጽፋልን?» አሉኝ። ነገሩን ከውጭ ሲያዩት እውነት አላቸው። ነገር ግን ስለ ጅሬኑ ቤተ መንግሥት አያሌ ሰዎች ጽፈዋል፤ ወደ ፊትም ይጽፋሉ፤ ሕንፃውም ከኮረብታው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የጌም ቤት ግን ሁለት ቴሌቪዥን፥ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አንድ መጋረጃ ነውና ባለቤቱ ሥራውን በተወ ማግስት ቤቱ የስልክ መጠገኛ ወይም ምግብ ቤት ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ቤት ምን ይደረግ እንደ ነበር የሚነግር ምልክት አይገኝም። ስለዚህ የሚያስታውሱት ሰዎች ገና ወጣቶች ሳሉ፥ እኔም ራሴ ሳልረሳው፥ የማውቀውን ጽፌ ላቆይ ብዬ ተነሣሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ከሦስት ምንጭ የተገኘ ነው። አንደኛው የራሴ ትዝታ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከጅማ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአጋሮ ሲሆን፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የተማርሁት በጅማ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው፥ በ2017 ዓ.ም. ክረምት በአጋሮ፥ በጅማና በሊሙ ገነት ከቀድሞ ተጫዋቾችና ከጌም ቤት ባለቤቶች ጋር ያደረግሁት ጭውውት ነው። ሦስተኛው አንድ የዱቤ ደብተር ነው፤ ስለ እርሱ ኋላ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሁለተኛውን ፕሌይስቴሽን በአገሩ ለገበያ ያወጣው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛውን በኅዳር 1999፥ አራተኛውን በኅዳር 2006 አወጣ። እነዚህ ቁጥሮች የቶኪዮን ታሪክ እንጂ የአጋሮን ታሪክ አይነግሩንም። እኔ በ2004 ዓ.ም. በአጋሮ መጀመሪያ ያየሁት መሣሪያ ሁለተኛው ነበር፤ ይኸውም ሦስተኛው ከወጣ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ኩባንያው የሁለተኛውን ሥራ በ2005 ዓ.ም. ሲያቆም፥ በእኛ በኩል ገና ሥራውን የጀመረ ያህል ነበር። ስለዚህ በውጭ አገር «የአሥር ዓመቱ ታላላቅ የቪዲዮ ጨዋታዎች» እየተባለ የሚወጣውን ዝርዝር የጅማ ወጣት ቢያነበው ግማሹን አያውቀውም። በዚያ ዝርዝር ከሚመሰገኑት ብዙዎቹ ሰው ብቻውን ክፍሉ ተቀምጦ አርባና ሃምሳ ሰዓት የሚጫወታቸው፥ ረጅም ታሪክ ያላቸው ጨዋታዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ ግን ሂሳቡ የሚታሰበው በየጨዋታው ነበር፤ ከኋላም ተራ የሚጠብቅ ልጅ ይቆማል። አርባ ሰዓት የሚፈልግ ጨዋታ ምንም ያህል ድንቅ ቢሆን ማን ያስቀምጠዋል? በጅማ የሚታወሰውንና የሚረሳውን ጨዋታ የመረጠው የሠሪው ጥበብ ሳይሆን የቤቱ ሂሳብ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ይህን ፈተና ያለፈው እግር ኳስ ነው። ከእግር ኳስም ውስጥ ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ፕሮ ኤቮሉሽን ሶከር፥ እኛ «ፔስ» የምንለው፥ ታላላቆቻችን ደግሞ «ዊኒንግ» ይሉት የነበረው፥ ከሁሉ በላይ ነበር። በተለይም በመስከረም 2005 ዓ.ም. የወጣው ፔስ 2013 ያገኘውን ክብር በእኛ ከተሞች ሌላ ጨዋታ አላገኘም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ፕሌይስቴሽን ይሠራ ስለ ነበረ፥ አዲስ መሣሪያ መግዛት የቻለውም ያልቻለውም ባለቤት እኩል አስገባው። አዳዲሶቹ ከወጡ በኋላ እንኳ እርሱን የሚያስከፍቱ ልጆች ነበሩ። የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የሚሠራው ፊፋ በሥዕሉም በክለቦቹም ስም ይበልጠው ነበር፤ ነገር ግን በእኔ አስተያየት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፔስ ብዙ ግብ ያስቆጥራል፥ ብዙም ያስጮኻል። ለጌም ቤት ደግሞ ጩኸት ማስታወቂያ ነው።

የክለቦቹ ስም ነገር ትንሽ ሊነገር ይገባዋል። ኮናሚ የአብዛኞቹን የእንግሊዝ ክለቦች ስም ለመጠቀም ፈቃድ አልነበረውምና በፔስ 2013 አርሰናል «ኖርዝ ለንደን»፥ ቼልሲ «ለንደን ኤፍ ሲ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በሰፈራችን አርሰናልን እንደ ቤተ ዘመድ የሚወዱ ልጆች ነበሩ፤ ክለባቸው በሐሰት ስም መውጣቱን ሲያዩ መጀመሪያ ዲስኩ የተበላሸ መስሏቸው ከባለቤቱ ጋር ተጣሉ። ኋላ ስሞቹ የታረሙበት የተቀዳ ዲስክ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ባለቤቱም በበሩ ላይ «ትክክለኛው አርሰናል አለ» ብሎ ጻፈ። በአጋሮ በዚያ ሁሉ ዓመት ከነካርቶኑ የተገዛ ዲስክ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ቅጂ፥ የቅጂም ቅጂ ነበር።

የጌም ቤት ሕግ በየትም ቦታ አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ያውቀው ነበር። ዋናው «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ነው። ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ፤ የተሸነፈው የጨዋታውን ሂሳብ ከፍሎ ይነሣል፤ ያሸነፈው እንደ ተቀመጠ ይቆያል፤ ተራ የያዘው ይገባል። ይህ ሥርዓት ከፕሌይስቴሽን ጋር አልመጣም። ቀድሞ በጆተኒው ዙሪያ ይሠራበት ነበር፤ አባቶቻችንም ከነስሙ ከጣልያን በመጣው በከረንቡላ ቤት እንደዚሁ ይደረግ እንደ ነበር ይነግሩናል። እኔ ስጀምር አንድ ጨዋታ 2 ብር ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. 5 ብር ደርሶ ነበር። ለአንድ ተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን ማሸነፍ የሚችል ልጅ በባዶ ኪሱ ገብቶ እስኪመሽ ድረስ ይጫወታል። ከከተማው ቡና አቅራቢዎች የአንዱ ልጅ ጫማው እያበራ፥ አምሳ ብር ይዞ ሲመጣ፥ ከጥግ ሣጥኑን ያስቀመጠ ሊስትሮ ተነሥቶ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ ሲያስከፍለው አይቻለሁ። በከተማችን እነዚያ ሁለት ልጆች እኩል የሚቀመጡበት ሌላ አግዳሚ ወንበር አላውቅም። ለክፋቱም ያው ሕግ በር ከፈተ፤ በሂሳቡ ላይ ውርርድ እየተጨመረ ነገሩ ቁማር የሆነበት ቤት ነበረ፤ ይህን መሸሸግ አይገባኝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የመብራት ሕግ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ጎረቤት መሆናችን ግን ከጨለማ አላዳነንም። በክረምት ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር መብራት ይሄዳል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በማነሱ መብራት በመላው አገሪቱ በፈረቃ ሆነ። እንግዲህ ጨዋታው መካከል ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማን ይከፍላል? በእኛ ቤት ፍርዱ እንዲህ ነበር፤ ከእረፍት በፊት ከጠፋ ጨዋታው እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ከእረፍት በኋላ ከጠፋ የተመራው ይከፍላል፤ እኩል ከሆኑ ይካፈላሉ። በሊሙ ገነት ግን፥ እንደ ነገሩኝ፥ በማናቸውም ደቂቃ ቢጠፋ ኪሳራው የባለቤቱ ነበር። በጅማ ጀነሬተር ያላቸው ቤቶች ስለ ነበሩ ጥያቄው እምብዛም አይነሣም። ከዚህ የተነሣ የጅማ ልጅ አጋሮ መጥቶ ሲጫወት መብራት በጠፋ ጊዜ ጠብ ይነሣል፤ ባለቤቱም እንደ ሽማግሌ ሁኖ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ይፈርዳል። አንድ ጊዜ «ነጎድጓዱ ከግቡ በፊት ነው የተሰማው» የሚል ክርክር ቀርቦ ሦስት ምስክር ሲጠራ ነበርሁ።

ወደ ቡናው ልመለስ። በእኛ አገር ከቡና ጋር ያልተያያዘ ነገር የለምና ጌም ቤቱም እንደ ቡናው ዓመት ነበረው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ሲለቀም ልጆች በኪሎ እየተከፈላቸው ከቤተሰብም ከሌላም ማሳ ይለቅማሉ፤ ማታ ጣታቸው ላይ የቡናው ሙጫ እንዳለ ይመጣሉ። ባለቤቱ በዚያ ወራት በየጆይስቲኩ ላይ ጨርቅ ያስቀምጥ ነበር፤ «መጀመሪያ እጅህን!» የሚለው ቃሉ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። አዲስ መሣሪያ የሚገዛውም፥ ቴሌቪዥን የሚለወጠውም ከጥር በኋላ፥ የቡናው ገንዘብ በከተማው ሲዘዋወር ነው። በክረምት ገንዘብ የለም፥ መንገዱ ጭቃ ነው፥ መብራት ይቆራረጣል፤ ከተጫዋቹ ተመልካቹ ይበዛል። ገንዘብ ያጣ ልጅ በማድረቂያው ላይ ከተሰጣው ጀንፈል በኪሱ ሞልቶ ለጎረቤት ሱቅ በጣሳ ይሸጣል። እኔም አንድ ጊዜ ከአያቴ ማድረቂያ ይህን አድርጌአለሁ። አያቴ ጣሳውን ሳይሆን የእኔን ዓይን አይተው ዐወቁ፤ የተከተለውን እዚህ አልጽፍም።

የሚሰማው ቋንቋም ድብልቅ ነበር። ኳሱን አሳልፍ ለማለት በኦሮምኛ «ደበርሲ!»፥ አግባ ለማለት «ገልቺ!» ይባላል፤ ስድቡ በአማርኛ፥ የተጫዋቹ ስም በእንግሊዝኛ ነው። በሌላ በኩል፥ ከእግር ኳስ ውጭ ቦታ ያገኘው አንድ ጨዋታ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. የወጣው ግራንድ ቴፍት አውቶ ሳን አንድሪያስ ነበር። ይህ በሰዓት እየተከፈለ፥ ብዙ ጊዜም ጠዋት ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፥ የሚጫወቱት ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው የተጫወተ ልጅ አላገኘሁም፤ ሁሉም የሚያስታውሰው የምሥጢር ቃሎቹን ነው። በኮምፒውተር ላይ «ሄሶያም» ተብሎ ቢጻፍ ጤናና ጋሻ፥ 250,000 ዶላርም ይሰጣል። በፕሌይስቴሽን ደግሞ ቁልፎቹ በተራ ይጫናሉ፤ ያም ተራ በሂሳብ ደብተራችን ጀርባ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይገለበጥ ነበር። ገልባጩ አንድ ቀስት ከሳተ የተጠራው መሣሪያ ሳይመጣ ይቀራል፤ ስለዚህ «የማን ደብተር ነው ትክክለኛው?» የሚል ምርመራ እናደርግ ነበር። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የብራና ቅጂዎች እንዴት እንደሚነጻጸሩ ስንማር ይህ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሣቅሁ።

በ2010 ዓ.ም. የሆነውን አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም። በዚያ ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዘመን ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ልዩነት በልጦ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ከተማው ሁሉ ወጣ። በማግስቱ በጌም ቤታችን ያለውን ፔስ 2018 ብንከፍት ከዓለም ዙሪያ የመጡ ክለቦች አሉ፤ ከኢትዮጵያ አንድ እንኳ የለም። ያ ዕትም ለሦስተኛው ፕሌይስቴሽን የተሠራ የመጨረሻው ፔስ ነበር፤ የክለብን ስምና የተጫዋችን ስም መለወጥ ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ እኛ ስድስት ልጆች ገንዘብ አዋጥተን የሁለት ሰዓት ኪራይ ከፈልንና ማንም የማይመርጠውን አንድ ክለብ አፍርሰን አባ ጅፋርን ሠራን። ፊደሉ የላቲን ብቻ ስለ ነበረ ስለ አጻጻፉ ተከራከርን፤ ስለ ማልያውም ቀለም ተከራከርን። ከዚያ አባ ጅፋርን ከባርሴሎና አጋጠምነውና 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ያቺን አንዷን ግብ ግን በዚያ ቤት የነበረ ሁሉ ያስታውሳታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሣሪያው ተበላሽቶ ሲጠገን ሁሉም ጠፋ።

አሁን ወደ ክርክሩ እመጣለሁ። በዚያን ዘመን ወላጆችና አስተማሪዎች ጌም ቤትን ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር ደምረው «ልጆቻችንን አጠፋብን» ይሉ ነበር። ሐሳባቸው ከንቱ አልነበረም፤ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር የተከፈተ፥ በክፍል ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የሚያስገባ ቤት ነበረ፤ ያም መዘጋት ነበረበት። ነገር ግን ስለ ምክንያትና ስለ ውጤት የሚነገረውን ስሰማ አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ስሙን አልጽፍም። አብሮኝ የሚማር፥ በቤታችንም ከሁሉ የሚበልጥ ተጫዋች ነበር። በ2010 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርቱን ተወ። ከዚያ በኋላ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ የእርሱ ነገር እንደ ምሳሌ ተነሣ፤ ስብሰባው ካለቀም በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ጌም ቤታችን ለሁለት ወር ተዘጋ።

እኔ በዚያ ዓመት የቤቱ ዱቤ ጸሐፊ ነበርሁ። ባለቤቱ ጽሕፈቴን ወድዶት፥ በየቀኑ ማን ተጫውቶ ሳይከፍል እንደ ሄደ የምጽፍለት እኔ ነበርሁ፤ ስለዚህም በሳምንት ሦስት ጨዋታ በነጻ ይሰጠኛል። ከላይ ያነሣሁት ሦስተኛው ምንጭ ይህ ደብተር ነው። ባለፈው ክረምት ባለቤቱ ከአልጋው ሥር አውጥቶ ሲሰጠኝ የጓደኛዬን ስም ፈለግሁ። እስከ ጥቅምት 2010 ድረስ ስሙ የሚገኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከነጭራሹ የለም። ከጥር ጀምሮ ግን በየማታው አለ። ትምህርት የተወው በጥቅምት መጨረሻ መሆኑን እኔም የክፍል ጓደኞቼም እናውቃለን። አባቱ በክረምቱ ታመው፥ ቡናው ገና ሳይለቀም ለሕክምና ተሸጦ ስለ ነበረ፥ በለቀማው ወራት የሰው ቡና ይለቅም፥ ከዚያም ጆንያ ይጭን ነበር። ጌም ቤት በየማታው መምጣት የጀመረው ትምህርት ቤት የሚሄድበት ቀን ካበቃ በኋላ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ይህን የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁና ደብተሩ እጄ ላይ እያለ ዝም አልሁ።

ሌላ ማረሚያም አለ። እስካሁን የጻፍሁት የወንዶች ልጆች ታሪክ ነው። ሴት ልጅ ወደ ጌም ቤት መግባት እንደ ነውር ይታይ ነበርና እኅቴን ስለ ፔስ 2013 ብትጠይቋት የእኔን ጩኸት እንጂ ጨዋታውን አታውቅም። እርሷ የምታስታውሰው በግንቦት 2004 ዓ.ም. የወጣውን ሰብዌይ ሰርፈርስን ነው፤ ቡና ሲፈላ በእናታችን ስልክ፥ ከአንደኛው ጀበና እስከ ሦስተኛው ባለው ጊዜ ትጫወተው ነበር። እንዲህ ያሉት ጨዋታዎች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ከስልክ ወደ ስልክም በዜንደር ይተላለፉ ነበር። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ዶሮ ከገበሬ የምትሸሽበትን «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታ አወጣ፤ እኅቴ ያን ከስልኳ ላይ ስታሳየኝ «ይህችስ የኛዋ ናት» አለችኝ። ስለ ስልክ ጨዋታ በቂ የሚያውቅ ሌላ ተማሪ፥ ይልቁንም ተማሪት፥ ቢጽፍበት መልካም ነው።

ዘመኑን በ2012 ዓ.ም. ያበቃሁት ደብተሩ እዚያ ስለሚያልቅ ነው። በመጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ከዚያ በሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። በመጋቢት 2010 የወጣውን ፐብጂ በስልካቸው የለመዱ ልጆች ያን ጊዜ ተመልሰው ጌም ቤት ፈለጉ፤ ብዙዎቹ ቤቶች ግን መሣሪያቸውን ሸጠው ነበር። ከዚያም በኋላ የተከፈቱ አሉ፤ አራተኛው ፕሌይስቴሽን የሚሠራባቸው፥ ሶፋ ያላቸው ናቸው። ኮናሚ በመስከረም 2014 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል አለው፤ በመስከረም 2016 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ፊፋ የሚለውን ስም ተወ። በአጋሮ ዛሬም «ፔስ እንጫወት» ይባላል።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያልተከፈለ ዱቤ የአሥራ አንድ ልጆች ስም አለ። አንዱ የእኔ ነው፤ 15 ብር። ባለቤቱ ደብተሩን ሲሰጠኝ ገንዘቡን አውጥቼ ሰጠሁት። «ተወው» ይለኛል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን ተቀብሎ ቆጠረውና እስክርቢቶ ከኪሱ አውጥቶ ስሜን ሰረዘው።